ፍሬን

ጌም ቤቷ ጠባብ ናት፤ ከለገሃር ጀርባ፤ ቆርቆሮ ጣሪያዋ
የአዳማን ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ፣ ሲመሽ ነው ላብ ማውጫዋ።
ሁለት ቴሌቪዥን፣ ስድስት ዱካ፣ አንድ ቬንትሌተር፣
ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ከማመላለስ በቀር
ሌላ ሥራ የማያውቅ።
እኔ ሂሳብ ተቀባይ፣ ሰዓት ቆጣሪ፣
የተጣላ ገላጋይ፣ የላላ ጆይስቲክ አሳሪ።
አንድ ጨዋታ አሥር ብር።
ዱቤ የለም ይላል ግድግዳው፤ ደብተሬ ነው ሌላ የሚመሰክር።

አከራያችን ጋሽ ኢተፋ ወር በገባ ቁጥር ይመጣል፤
ከደጃፉ አያልፍም፤ ከዘራውን ብቻ ወደ ውስጥ ይሰዳል።
«ቀንሱት!» ይላል።
እንቀንሳለን። ማዕዘኑን ሲታጠፍ መልሶ ይጮኻል።

ያን ዕለት ኦብሳ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ልጅ፣ ውድድር ይዞ
በማያውቀው ከተማ፣ በማያውቀው ሌሊት ተጉዞ፣
የመኪናው ሬዲዮ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።
ጊታር።
እንደ ወንጂ አገዳ ሲሰነጠቅ፣ እንደ ሐዲድ በቀትር ሲግል፤
ከዚያ ከበሮ፤ ከዚያ አንድ ሰው፣ በሻከረ ጉሮሮ ሲከስ፣ ሲምል።
ለልጆቹ ዘፈን አይደለም፤ የፍጥነቱ ቅመም ነው፤
እንደ ጎማ ሲጥ ማለት፤ ማን፣ መቼ እንደዘፈነው
የጠየቀ የለም።

ጋሽ ኢተፋ ከደጃፉ አለፈ።
ሰባት ዓመት ኪራይ ሲቀበል ያልረገጠውን ወለል ረገጠ፤
ኬብሉን ተሻግሮ፣ ከኦብሳ ጀርባ ተቀመጠ።
«ይሄንን ከየት አገኛችሁት?»
«ጌሙ ውስጥ ነው ጋሼ።» «ጌሙ ማን ነው?» ሳቁበት።

ከዚያ ለእኛ ሳይሆን ለቴሌቪዥኑ መሰለኝ የነገረው፦
የባቡር ሠራተኞች ክበብ ነበር፣ ቅዳሜ ማታ የሚሞቅ፤
እሱ ቀን ፍሬን ያዥ፣ ማታ ጊታር የሚያስጨንቅ።
ከድሬዳዋ በመጣ ባቡር አንድ ሸክላ ደረሰ፣
መንገድ ላይ የተጫረ። አጠናው፣ መርፌውን እየመለሰ፤
መሃሉ ጋ ይዘላል፤ እሱም የዘለለውን ዘሎ ተጫወተ፤
ክበቡም እንደዚያው ጨፈረ፣ አንድ እግሩ አየር ላይ እየቀረ።
ኋላ ሰዓት እላፊ መጣ። ክበቡ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ፤
ጊታሩ በአንድ ኩንታል ጤፍ ተመዘነ።
ሸክላው የት እንደገባ አልነገረንም። እኛም አልጠየቅን።

ይሄኔ ኦብሳ አንደኛ ነው። የመጨረሻው መስመር ታየ፤
እሱን ካለፈ ዘፈኑ ይቆረጣል፤ ይሄን እኔም እሱም እናውቃለን።
ወደ ኋላው ዞር አለ፤ ሽማግሌውን አየ።
አውራ ጣቱ ከነዳጁ ላይ ተነሳ፤
ፍሬን ያዘ ኦብሳ።
«ምን ነካህ!» አሉት፤ ሰባቱም መኪኖች ተራ በተራ አለፉት፤
እሱ ግን ዳሩን ይዞ፣ ነፍሰ ጡር እንደጫነ ባጃጅ ነዳት።

ቦታው ደረሰ። የጋሽ ኢተፋ ጣቶች ከከዘራው አንገት
ሊዘሉ ተነሱ፤ ዘፈኑ አልዘለለም።
አራት ምት ናት፤ ጊታሩ ቁልቁል ወርዶ፣
ዝም ሊል ደርሶ፣ ዝም ሳይል፣ ሽቅብ ሄዶ።
በቃ። አምሳ ዓመት የጎደለችው ይህችው ናት።
«አሃ» አለ። «ለካ እዚህ ጋ ደረጃ ነበር።»

ኦብሳ ስምንተኛ ወጣ። ከስምንት።
ማንም አልሳቀም ብል ውሸት ነው።

በማግስቱ፣ ገና ቤቱን ስከፍት፣ ጋሽ ኢተፋ አሥር ብር ይዞ ቆሟል።
«የትኛውን ልጫን?» አለኝ። «ምንም አትጫን፤ ይመጣል።»
ሌሎቹ ተፈተለኩ፤ የኋላ መብራታቸው ጠፋ በጨለማው፤
የእሱ መኪና ከመነሻው መስመር ላይ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ እንደቆመ ነው።
ውጭ ንፋሱ አሸዋ ይዞ ቆርቆሯችንን ይደበድባል።
«ትንሽ ጨምሪው» አለኝ።

ደብተሬ ላይ፦ ጋሽ ኢተፋ፣ አንድ ጨዋታ፣ ከፍሏል።
መኪናው እስካሁን አልተነሳም።